«ወረቀት ፈርመሻል፣ አበቃ»፦ ከፍቺ በኋላ የሚነሳ የጋራ ንብረት ጥያቄ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከ11 ዓመት ትዳር በኋላ የዛሬ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በስምምነት ተፋታን። ሁለት ልጆቻችን ከእኔ ጋር ናቸው። የፍቺው ውሳኔ ስለ ንብረት ምንም አይልም። ከፍቺው ሁለት ወር ቀደም ብሎ በሽማግሌዎች ፊት 300,000 ብር ተቀብዬ ‹ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም› የሚል ወረቀት ፈርሜያለሁ። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ከጋብቻ በፊት አባቱ ከአሮጌ ጭቃ ቤት ጋር በስጦታ በሰጡት 120 ካሬ ላይ፣ በትዳራችን ውስጥ የተሠራ። ካርታው በእሱ ስም ነው። መኪናችንን ከፍቺው አምስት ወር በፊት ሳይነግረኝ ሸጦ ነበር፤ በወሩ ሰማሁ፣ በ850,000 ብር ነው። 300,000ውን የሰጠኝም ከዚያ ላይ ነው። 200,000 ብር እቁብ ወጥቶልን ቤቱ ላይ ገብቷል፤ ከፍቺ በኋላ የቀረውን 80,000 ብር መዋጮ እሱ ከፍሏል። ባንክም ገንዘብ ነበረው፣ መጠኑን አላውቅም። አሁን ስጠይቀው ‹ወረቀት ፈርመሻል፣ ቤቱ የአባቴ ነው፣ ይልቅ ከወንድሜ የተበደርኩትን 400,000 ብር ግማሹን ክፈይ› ይለኛል። እኔ በሥራ ላይ የነበርኩት አራት ዓመት ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ልጆች ነው ያሳደግሁት። ከጋብቻ በፊት የደረሰኝ ኮንዶሚኒየም አለ፤ የግሌ ስለሆነ አላነሳሁትም። ምን መጠየቅ እችላለሁ? ለራሴስ ወርሃዊ ቀለብ ይሰጠኛል?»

ከሁሉ በፊት የፍቺውን መዝገብ ያውጡና ያንብቡ። ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን ከእሱ ጋር የተያያዘውን የፍቺ ስምምነትና ማመልከቻም ጭምር ነው። የውሳኔው ዝምታ ለእርስዎ ይጠቅማል፤ ያልተወሰነ ነገር በፍርድ አልቋል አይባልም፣ ፍቺው ቢጸናም የንብረቱ ጉዳይ ክፍት ነው። ችግር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከማመልከቻው ነው። ራፖር ጸሐፊዎች የስምምነት ፍቺ ሲጽፉ «የጋራ ንብረት የለንም» ወይም «ንብረታችንን በስምምነት ተካፍለናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይጠየቁ ከድሮ ቅጂ ላይ ገልብጠው ያስገባሉ፣ ባለጉዳይ ደግሞ ሳያነብ ይፈርማል። ያ ዓረፍተ ነገር በመዝገቡ ውስጥ ካለና ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን እንዳለ ካጸደቀው፣ የሚጠብቅዎት ሙግት ከዚህ በታች ከምጽፈው በእጅጉ የከበደ ነው፤ ጠበቃ ሳይዙ አይሞክሩት። ከሌለ ይቀጥሉ። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ «የለም» በሚለው ላይ የቆመ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ወሳኙ ቀኑ ነው። የፈረሙት ከፍቺው ሁለት ወር በፊት፣ ማለትም ገና ባልና ሚስት ሳላችሁ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 73 መሠረት ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እያሉ እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው በስተቀር ዋጋ የለውም። የእርስዎ ወረቀት ለፍርድ ቤት አልቀረበም፣ ከፍቺው ስምምነት ጋርም አልተያያዘም። ሽማግሌዎቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ፣ ምስክሮቹም ቢበዙ፣ ማጽደቅ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ስለዚህ «ጥያቄ የለኝም» የሚለው ቃል መብትዎን አያስቀርም። የተቀበሉት 300,000 ብር ግን የተቀበሉት ነው፤ ከድርሻዎ ላይ ይታሰባል። በክስዎ ውስጥ ራስዎ ጠቅሰው ይጻፉት። ሸሽገውት በመልሱ ቢያወጣው የሚጎዳው የቀረው ቃልዎ ተአማኒነት ነው።

ይህን መልስ የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች እንዳይሳሳቱ፦ ያው ወረቀት ከፍቺ በኋላ ተፈርሞ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። ከፍቺ በኋላ ሁለቱ ተራ ተዋዋዮች ናቸው፣ አንቀጽ 73 አይመለከታቸውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3307 ጀምሮ የተደነገገው የግልግል ስምምነት (ተዋዋዮች ክርክራቸውን ለመጨረስ የሚያደርጉት ውል) በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል፤ «መብቴን አሳንሼ ገምቼ ነበር» ብሎ መመለስም አይቻልም። ከፍቺ በኋላ በሽማግሌ ፊት ብዕር ከመያዝ በፊት ስሌቱን ማወቅ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ድርሻዎ ስንት ነው ለሚለው የቤተሰብ ሕጉ መልሱን አጭር አድርጎታል። በትዳር ውስጥ በሁለቱም የግል ጥረት የተገኘ ገቢ፣ ከጋራም ሆነ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ፣ እንዲሁም በትዳር ዘመን በገንዘብ የተገዛ ንብረት የጋራ ነው (አንቀጽ 62)። በአንደኛው ስም ቢመዘገብም እንኳ የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል (አንቀጽ 63)። ሲከፋፈልም፣ ሌላ የሚል የጋብቻ ውል ከሌለ፣ እኩል ነው (አንቀጽ 90)። ማን ደመወዝ አመጣ፣ ማን ልጅ አሳደገ የሚል ሚዛን በሕጉ ውስጥ የለም። «የሠራሁት አራት ዓመት ብቻ ነው» የሚለው ሐሳብ በጥያቄዎ ውስጥ እንደ ይቅርታ ገብቷል፤ ከክስዎ ያውጡት። የቤት ውስጥ ድካምዎን በብር አስልተው በግማሹ ላይ ተጨማሪ ለመጠየቅም አይሞክሩ፤ እኩል ክፍፍሉ ያንን ቀድሞ አስገብቶታል።

ቤቱ ላይ እሱም እርስዎም ከፊል እውነት ይዛችኋል። ከጋብቻ በፊት በስጦታ ያገኘው የግሉ ነው (አንቀጽ 57)፣ ይህን አይከራከሩ። ነገር ግን አባቱ የሰጡት ይዞታና አሮጌ ጭቃ ቤት ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በእጁ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ጭቃ ቤቱ ፈርሷል። ዛሬ የቆመው ፎቅ በትዳር ዘመን የተሠራ ስለሆነ የጋራ መሆኑ ይገመታል፤ በግል ገንዘቤ ሠራሁት ካለ ማስረዳት የእሱ ድርሻ ነው። በግል ገንዘብ ወይም የግል ንብረት ተሽጦ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረትም ቢሆን የግል የሚባለው በአንደኛው ጠያቂነት ፍርድ ቤት የግል ነው ብሎ ሲወስን ነው (አንቀጽ 58)። እንዲህ ያለ ውሳኔ በትዳር ውስጥ አስወስኖ የሚያስቀምጥ ሰው ጥቂት ነው።

እርስዎ ማረጋገጥ ያለብዎት ጊዜውን ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የግንባታ ፈቃዱ ቀን ነው፤ ከጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ቀን ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብዙ ምስክር የማይሠራውን ይሠራል። ፈቃዱ ከጋብቻው በፊት የወጣ ከሆነ አይደንግጡ፤ ፈቃድ ማውጣት መሥራት አይደለም። የብረትና የሲሚንቶ ደረሰኝ፣ ለግንበኛና ለአናጺ የተከፈለበት ውል፣ ከባንክ የወጣ ገንዘብ፣ እቁቡ የወጣበት ሳምንት፣ እነዚህ የግንባታውን ዘመን ያሳያሉ። ምስክር ሲመርጡ «ትዳራቸው ጥሩ ነበር» የሚል ጎረቤት ትተው መሠረቱ ሲቆፈር ያየ፣ ሶሌታው ሲሞላ የነበረ ሰው ይጥሩ።

እዚህ ላይ የሚጠበቀውን ልክ ማወቅ ይበጃል። ቦታው የግሉ ስለሆነ በሰፈሩ ገበያ ቤቱ የሚያወጣውን ጠቅላላ ዋጋ ግማሽ አገኛለሁ ብለው አይነሱ። ፍርድ ቤት የሚያዝዘው የባለሙያ ግምት በአብዛኛው የግንባታውን ዋጋ የሚለካ ነው፤ የሰፈሩን ተፈላጊነት አይለካም። ደላላ የሚነግርዎት ቁጥርና መሐንዲስ የሚጽፈው ቁጥር በጣም ሊራራቁ ይችላሉ፣ ክስዎን በመሐንዲሱ ቁጥር ላይ ይገንቡ። ግምቱ ግን ከዓመታት በፊት የወጣበት ወጪ ሳይሆን ክፍፍሉ በሚደረግበት ጊዜ ያለው ዋጋ እንዲሆን በግልጽ ይጠይቁ። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ከወጣበት መጠን አንጻር፣ ያን አንድ ዓረፍተ ነገር መርሳት ግማሽ ድርሻን ሊያስበላ ይችላል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። በዚያ ቤት ውስጥ የሚከራይ ክፍል ካለ፣ በትዳር ዘመን የተሰበሰበው ኪራይ ቤቱ የማንም ቢሆን የጋራ ገቢ ነበር። ከፍቺ በኋላ ደግሞ ሁለታችሁ ሳትከፋፈሉ የቆያችሁ የጋራ ባለቤቶች ናችሁና፣ የሰበሰበውን ግማሽ በዚሁ ክስ ውስጥ ይጠይቁ። «በኋላ ለብቻው እከስሳለሁ» አይበሉ፤ ከአንድ ምክንያት የሚመነጭን ጥያቄ ቆራርጦ ማቅረብ በሥነ ሥርዓት ሕጉ የተተወ እንዲቆጠር ያደርጋል።

መኪናው ላይ አንድ በር ተዘግቷል፣ አንዱ ክፍት ነው። ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል (አንቀጽ 68)፤ ይህ የብር መጠን ዛሬ የሚያስቅ ቢሆንም ሕጉ ላይ ያለው እሱ ነው። ያለ ስምምነት የተደረገውን ሽያጭ ማስፈረስ የሚቻለው ግን ባወቁ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው (አንቀጽ 69)። ሽያጩን ካወቁ ሁለት ዓመት አልፏል። ገዢውን መክሰስ ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው፣ መኪናው አይመለስም። ዋጋው ግን የጋራ ንብረት ነው። ንብረቱ ወደ ብር ስለተቀየረ የእርስዎ ድርሻ አልጠፋም፣ የተቀበለውን እንዲያስቆጥር ይጠይቁት። በውልና ማስረጃ የተመዘገበው የሽያጭ ውል ላይ ያለው ዋጋ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ለግብር ተብሎ ዝቅ አድርጎ መጻፍ የታወቀ ነው። 850,000 መሆኑን የሚያሳይ የባንክ ዝውውር ካለ እሱን፣ ከሌለ በዚያ ወቅት ተመሳሳይ ሞዴል የነበረውን ዋጋ በባለሙያ ያስገምቱ። ሽያጩ ሲመዘገብ ያላገባ የሚል ማስረጃ አቅርቦ ከሆነም የውሉን ፋይል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስቀርቡ፤ ችሎቱ ስለ ቀረው ቃሉ ያለው ግምት ይለወጣል።

የወንድሙ ብድር ደግሞ በፍቺ ክርክር ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ዕዳ ነው፤ ትዳር ሲፈርስ ወንድም፣ አጎት፣ የአክስት ልጅ ሁሉ አበዳሪ ሆኖ ይገኛል። አንዳንዱ እውነት ነው። ስለዚህ «ውሸት ነው» ብሎ ከመጮህ ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በችሎት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው (ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472)፤ ወንድምየው መጥቶ «አበድሬዋለሁ» ማለቱ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛ፣ ወረቀት ካለ ገንዘቡ በእርግጥ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ የት ይታያል? 400,000 ብር በባንክ ካልተላለፈ ለምን? ሦስተኛና ዋናው፣ ገንዘቡ ለምን ዋለ? ዕዳው የሁለታችሁ የሚሆነው ለትዳር ጥቅም፣ ለቤተሰቡ መተዳደሪያና ለመሰል ጉዳይ የተገባ ከሆነ ነው (አንቀጽ 70 እና 71)። ቤቱ ላይ መግባቱን ካስረዳ ግማሹ ይመለከትዎታል፣ እርስዎ ስላልፈረሙ ብቻ አያመልጡም። ካላስረዳ የግል ዕዳው ነው። የእቁቡ 80,000 ብር ግን አያከራክርም፤ እቁቡ ወጥቶ ቤቱ ላይ ከዋለ ቀሪው መዋጮ የጋራ ዕዳ ነበር፣ እሱ ከከፈለው ይታሰብለት። ይህን ቀድመው ማመን ለሌላው ክርክርዎ ክብደት ይሰጠዋል።

አሁን ወደማይወዱት ነጥብ። ኮንዶሚኒየሙን «የግሌ ስለሆነ አላነሳሁትም» ብለዋል። እሱ ያነሳዋል። ዕጣው የደረሰዎትና ውሉን የፈረሙት ከጋብቻ በፊት ከሆነ ቤቱ የግልዎ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ጠንካራ ክርክርም ነው። ነገር ግን 20 በመቶውን ቅድሚያ ከፍለው 80 በመቶው በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነ፣ በትዳር ዘመን በየወሩ ለባንክ የተከፈለው ከጋራ ገቢ ነው። ደመወዝዎ ስለሆነ ግልዎ ነው አይባልም፤ ደመወዝ በትዳር ውስጥ የጋራ ነው፣ የእሱ ሲሆን የጋራ የእርስዎ ሲሆን የግል የሚሆንበት መንገድ የለም። ቤቱ ተከራይቶ ከነበረ ኪራዩም እንደዚያው። ስለዚህ የብድር ሒሳብዎን መግለጫ ከባንኩ ያውጡ፣ ከጋብቻው ቀን እስከ ፍቺው ቀን የተከፈለውን ይደምሩ፣ ያንን መጠን የጋራ ንብረት አድርገው ራስዎ ያቅርቡት። እሱ የቤቱን ሙሉ ዋጋ የጋራ ለማስባል ይሞክራል፤ የውሉ ቀን ከጋብቻው በፊት መሆኑ መከላከያዎ ነው። በአንቀጽ 63 ግምት ፎቁን የሚጠይቅ ሰው ያው አንቀጽ ወደ ራሱ ሲዞር አላውቀውም ሊል አይችልም።

ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ ላሳይ። የቤቱ ግንባታ 3,600,000 ብር ተገመተ፣ በፍቺው ቀን በስሙ ባንክ የነበረው 240,000 ብር ሆኖ ተገኘ፣ ለኮንዶሚኒየሙ በትዳር ውስጥ የተከፈለው 310,000 ብር ነው እንበል። እነዚህ ሦስቱ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ የቀሩት ከጥያቄዎ የተገኙ ናቸው። ከመኪናው 850,000 ጋር ድምሩ 5,000,000 ብር ይመጣል። የእቁቡ ዕዳ 80,000 ሲቀነስ 4,920,000፣ ግማሹ 2,460,000 ብር። ከዚህ ውስጥ በእጅዎ ያለው 310,000 (ኮንዶሚኒየሙ ላይ ያለው) እና የተቀበሉት 300,000 ነው፤ ስለዚህ እሱ የሚጨምርልዎት 1,850,000 ብር ይሆናል። 300,000ው ከመኪናው ዋጋ ላይ የተከፈለ ስለሆነ በ850,000 ውስጥ አንዴ ተቆጥሯል፣ ለብቻው የንብረት መስመር አድርገው አይደምሩት። የወንድሙ ብድር ለትዳር ጥቅም ነው ተብሎ ከጸደቀና ከፋዩ እሱ ከሆነ 200,000 ይቀነሳል፣ 1,650,000 ይቀራል። ትክክለኛውን ቁጥር ሲያገኙ ይህንኑ አንድ ገጽ ላይ ጽፈው ከክሱ ጋር ያያይዙት።

ለራስዎ ወርሃዊ ቀለብ፣ አይ። ባልና ሚስት የመረዳዳት ግዴታ ያለባቸው በትዳር ውስጥ ነው፣ የፍቺው ክርክር እየታየ ሳለም ፍርድ ቤት ጊዜያዊ መተዳደሪያ ሊያዝዝ ይችላል፤ ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ግን የቀድሞ ባል ለቀድሞ ሚስት የሚቆርጠው ቀለብ በሕጉ የለም። በውጭ አገር ስላለ ሥርዓት የሚሰሙትን እዚህ አያምጡት። ለጋብቻው መፍረስ ጥፋተኛ የሆነው ወገን ካሣ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊያዝዝ የሚችልበት አንቀጽ አለ (አንቀጽ 84)፣ ነገር ግን በስምምነት ተፋትተው፣ ጥፋት ሳይነሳ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ በዚህ መምጣት ተስፋው ደካማ ነው። የልጆች ቀለብ ግን የልጆች መብት ነው፤ የእርስዎ ወረቀት፣ የእሱ ቂም፣ የንብረቱ ክርክር አይነካውም። በመቶኛ የተቆረጠ መጠን በሕግ የለም፤ የልጆቹ ፍላጎትና የወላጅ አቅም እየታየ ይወሰናል፣ ሁኔታ ሲለወጥም እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የሕክምና ወጪ፣ የቤት ኪራይዎና የእሱ የደመወዝ ማስረጃ ይዘው ለብቻው ያመልክቱ። ንብረቱ እስኪያልቅ አይጠብቁ፣ ንብረት ይረዝማል።

ክሱ የሚቀርበው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። (ክልል ውስጥ ላለ አንባቢ፦ አብዛኞቹ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ መርሆው ተቀራራቢ ቢሆንም የአንቀጹ ቁጥርና ዝርዝሩ ይለያያል፣ የጠቀስኳቸውን ቁጥሮች እንዳሉ አይገልብጡ።) ከክሱ ጋር በዚያው ቀን በቃለ መሐላ የተደገፈ የእግድ አቤቱታ ያስገቡ፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ ለብድር እንዳይያዝ ይጠየቃል። መኪናውን እንዴት እንደሸጠ ስላዩ ምክንያት ለመጻፍ አይቸገሩም። እግዱ ሲሰጥ ትእዛዙን ራስዎ ተከታትለው ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ ያድርሱ፣ የተቀበለበትን ማህተምና ቁጥር ይያዙ። በመዝገብ ውስጥ የተቀመጠና ያልደረሰ እግድ ቤት ሲሸጥ አያስቆምም።

የባንክ ሒሳቡን መጠን አለማወቅዎ ክስ ከማቅረብ አያግድም። ባንክ ለእርስዎ አይናገርም፣ ለፍርድ ቤት ትእዛዝ ግን ይመልሳል። በክሱ ላይ የሚጠረጥሯቸውን ባንኮች በስም ዘርዝረው፣ ከፍቺው በፊት ካለው አንድ ዓመት ጀምሮ እስከ ፍቺው ቀን ያለው እንቅስቃሴ እንዲላክ ይጠይቁ። የፍቺው ቀን ቀሪ ሒሳብ ብቻ ከተጠየቀ ከሁለት ወር በፊት የወጣ ትልቅ ገንዘብ ሳይታይ ያልፋል። በአክሲዮን ወይም በንግድ ፈቃድ ያለው ነገር ካለም እንደዚሁ።

ይርጋ፣ ማለትም «የክስ ማቅረቢያው ጊዜ አልፏል» የሚል ክርክር፣ መቃወሚያ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የቤተሰብ ሕጉ ለክፍፍል ጥያቄ የተለየ ጊዜ አልቆረጠም፤ ተከሳሾች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 ያለውን የ10 ዓመት ይርጋ ነው። በሁለት ዓመትዎ ከዚያ ሩቅ ነዎት። ማስረጃ ግን ይርጋ አይጠብቅም፤ ደረሰኝ ይጠፋል፣ አናጺው አገር ይለውጣል።

ፍርዱ «እኩል ይካፈሉ» ብሎ ሲያበቃ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ያኔ ነው የአፈጻጸም መዝገብ፣ ማለትም ፍርዱ በተግባር እንዲፈጸም የሚጠየቅበት መዝገብ፣ የሚከፈተው። አፈጻጸም የሚይዘው ችሎት በፍርዱ ላይ የተጻፈውን እንጂ የተረሳውን አይጨምርም። ስለዚህ ክሱ ውስጥ ቤቱ በካርታ ቁጥሩ፣ በወረዳውና በቤት ቁጥሩ፣ መኪናው በሰሌዳ ቁጥሩና በሻሲ ቁጥሩ፣ ባንኩ በሒሳብ ቁጥሩ ይጻፍ፤ «ቤቱና የቤት ዕቃው» የሚል ክስ «ቤቱና የቤት ዕቃው» የሚል ፍርድ ያመጣል፣ ከዚያ ፍሪጁ የማን ነው እየተባለ ሌላ ዓመት ይሄዳል። ንብረቱ በዓይነት የማይከፈል ሲሆን አንዱ ወስዶ ለሌላው ልዩነቱን በገንዘብ ይከፍላል፤ ካልተስማሙ ይሸጣል፣ በአሸጣጡም ካልተስማሙ በሐራጅ። ፎቁ በእሱ የግል ይዞታ ላይ ስለቆመ ተፈጥሯዊው መውጫ እሱ ቤቱን ማስቀረቱና ለእርስዎ ግማሽ ግምቱን መክፈሉ ነው። ሐራጅ ለሁለቱም ክፉ ነው፤ ዋጋ ይወርዳል፣ ገዢ ሰው ያለበትን ቤት ይፈራል። ግን ሐራጅ መኖሩ ነው እሱን ወደ ድርድር የሚያመጣው።

ምክሬ ይህ ነው፦ መዝገቡን ካወጡ በኋላ በሽማግሌ ሌላ ዙር አይጀምሩ። መጀመሪያ ክሱንና እግዱን ያስገቡ፣ ከዚያ ይደራደሩ። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የተዘረጋው ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ለእንዲህ ዓይነት ጉዳይ የተመቸ ነው፤ እዚያ የሚደረሰው ስምምነት ለችሎቱ ቀርቦ ሲጸድቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል፣ የሽማግሌው ወረቀት ያጣው ይህንን ነው። በምሳሌው ስሌት 1,850,000 ከወጣ፣ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ በባንክ የሚገባ ከሆነ ጥቂት መቶ ሺህ ዝቅ ብሎ መስማማት ከሁለትና ሦስት ዓመት አፈጻጸም ይሻላል። በክፍያ ተከፋፍሎ የሚሰጥ ከሆነ ግን አንድ ብር አይቀንሱ፤ የመጨረሻው ክፍያ እስኪገባ ድረስም እግዱ ቤቱ ላይ እንዲቆይ በስምምነቱ ውስጥ ያስጽፉ። የልጆቹን ቀለብ በዚያው ድርድር «ቤቱን ልተውልሽና ቀለብ አትጠይቂኝ» ብሎ ሊያቀላቅለው ይሞክር ይሆናል፤ ያንን አንቀጽ በምንም ዋጋ አይፈርሙ።